ሜቶዲስት ቅድመ አያትን ፍለጋ፦ ከጸሎት ቤቱ በፊት ሰርኪቱን

እኛ ዘር የምንቆጥረው በቃል ነው፤ እስከ ሰባት ቤት። እንግሊዝ አገር ዘር የሚቆጠረው በወረቀት ነው። እዚያ ተጋብቶ የወለደና የልጆቹን የሌላውን ወገን አያት ቅድመ አያት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከ1837 ወዲህ ያለውን በመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ብዙ ሳይቸገር ያገኘዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ግን መንግሥት መዝጋቢ አልነበረውም፤ ያለው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም የአንግሊካን አጥቢያ መዝገብ ነው። ልጅ በየሁለት ዓመቱ ሲያስጠምቅ የኖረ ቤተሰብ ከአጥቢያው መዝገብ ድንገት ከጠፋ፣ ከተማ ቀይሮ ወይም አልቆ ሳይሆን ሜቶዲስት፣ ማለትም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣው የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ ተከታይ፣ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው እንግሊዝን ነው፤ ከእንቅስቃሴው መሥራች ከጆን ዌስሊ ዘመን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀማሪ ፈላጊ የሚሳሳተው መጀመሪያ ላይ ነው። የመንደሩን ጸሎት ቤት ያገኝና «የዚህ ጸሎት ቤት መዝገብ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «የለም» ይሆንና ፍለጋው እዚያው ይቆማል። የሜቶዲስት ጸሎት ቤት እንደ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የራሱ ቄስና የራሱ መዝገብ ያለው ተቋም አልነበረም። ከአሥር እስከ ሠላሳ የሚሆኑ ጸሎት ቤቶችና የመኖሪያ ቤት ጉባኤዎች ተሰብስበው አንድ ሰርኪት ይባላሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ተዘዋዋሪ አገልጋዮች በፈረስ ወይም በእግር ይዞሯቸዋል። የጥምቀት መዝገቡ አንድ ነው፤ የሚቀመጠውም በሰርኪቱ ዋና ከተማ ነው። ስለዚህ የፍለጋው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የትኛው ሜቶዲስት፣ የትኛው ሰርኪት፣ የትኛው ወረቀት። ጸሎት ቤቱ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ቤተሰቡ በእርግጥ ሜቶዲስት እንደነበረ ማረጋገጥ

ከሚያውቁት ወደማያውቁት ይሂዱ፤ ከ1837 ወዲህ ካለው ሰነድ ይነሱ። ከሁሉ የሚበልጠው ፍንጭ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ራስጌው ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቦታ ይጻፋል፤ ግርጌው ላይ ደግሞ በማን ሥርዓት እንደተፈጸመ። «በዌስሊያን ሜቶዲስቶች ሥርዓት» ወይም «በፕሪሚቲቭ ሜቶዲስት ጸሎት ቤት» የሚል ካገኙ የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሱ። ሙሽሮቹ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ቢያገኙ ግን ሜቶዲስት አልነበሩም ብለው አይደምድሙ፤ ምክንያቱ ደረጃ 5 ላይ አለ።

ሌሎች ፍንጮች የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጠኛ ሽፋን ላይ የተጻፈ ዝርዝር፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የአካባቢ ጋዜጣ ላይ የወጣ የሞት ማስታወቂያና የልጅ ስም ናቸው። ወንድ ልጅ «ዌስሊ» ወይም «ጆን ዌስሊ» ተብሎ ከተሰየመ ፍንጭ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም።

የሕዝብ ቆጠራ በዚህ አይረዳም። ከ1841 ጀምሮ ስም በስም የተመዘገበው ቆጠራ የሰውን ሃይማኖት አይጠይቅም ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ይህ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ2001 ነው። ከቆጠራው የሚጠቅመው የትውልድ ቦታው ነው። በተለይ የ1851ዱ የተወለዱበትን አጥቢያ ስለሚገልጽ ለሚቀጥለው ደረጃ መነሻ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ የትኛው ሜቶዲስት?

«ሜቶዲስት» አንድ ድርጅት የነበረው እስከ 1797 ብቻ ነው። ዌስሊ በ1791 ከሞተ በኋላ እንቅስቃሴው ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሰርኪት፣ የራሱ መዝገብ፣ የራሱ መጽሔት ነበረው። በዌስሊያኖች መዝገብ ሦስት ወር ፈልጎ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ የተሳሳተው እዚህ ነው፤ ቤተሰቡ የፕሪሚቲቭ አባል ነበር።

ዋናው ግንድ ዌስሊያን ይባላል። በ1797 አሌክሳንደር ኪልሃምን ተከትሎ የወጣው ኒው ኮኔክሽን ነው። ፕሪሚቲቭ ሜቶዲስቶች የተነሡት በስታፎርድሺርና በቼሺር ድንበር ላይ ባለው ሞው ኮፕ ኮረብታ በሜይ 31 ቀን 1807 ከቤት ውጪ ከተደረገው ጉባኤ ነው፤ መሪዎቹ ህዩ ቦርንና ሸክላ ሠሪው ዊልያም ክላውስ ከዌስሊያኖች ተባረው በ1811 የራሳቸውን የአባልነት ትኬት አሳተሙ፣ በ1812 ስሙን ወሰዱ። ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨንና ኮርንዎል፣ በ1815 ዊልያም ኦብራያን የጀመራቸው ባይብል ክርስቺያኖች አሉ። ከ1827 እስከ 1849 ባሉት ዓመታት ሌሎች ተገንጣዮችም ወጡ፤ አብዛኞቹ በ1857 ዩናይትድ ሜቶዲስት ፍሪ ቸርችስ በሚል ስም ተሰባሰቡ። በ1907 ኒው ኮኔክሽን፣ ባይብል ክርስቺያንና ፍሪ ቸርችስ አንድ ሆኑ፤ በ1932 ደግሞ እነሱ፣ ዌስሊያኑና ፕሪሚቲቩ ተዋሕደው የዛሬው ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተፈጠረ።

ጸሎት ቤቱ በር ላይ ያለው ስም ወገኑን አይናገርም። ቤቴል፣ አቤኔዘር፣ ጽዮን፣ ሳሌም የሚባሉ ስሞችን ዌስሊያኑም ፕሪሚቲቩም ባፕቲስቱም ይጠቀምባቸው ነበር። ከ1932 በኋላ የተጻፈ ጽሑፍ ሁሉንም በደፈናው «ሜቶዲስት» ስለሚል እሱም አያስተማምንም። የሚያስተማምነው የዘመኑ ካርታ ነው። የመንግሥት ካርታ አዘጋጅ የሆነው የኦርድናንስ ሰርቬይ ትልልቅ ካርታዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሲዘጋጁ እያንዳንዱን ጸሎት ቤት ከነወገኑ በአጭሩ ጽፈውታል። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የእንግሊዝም ካርታ በነጻ ይታያል። ከቤተሰቡ መኖሪያ 5 ማይል፣ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዙሪያ ያሉትን ጸሎት ቤቶች ከነወገናቸው በዝርዝር ይጻፉ። ሰው ለአምልኮ ይህን ያህል በእግሩ ይሄድ ነበር።

ዌልስ ውስጥ ከሆኑ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ካልቪናዊ ሜቶዲስቶች የሚባሉት ከዌስሊ ጋር አይገናኙም፤ ከሃወል ሃሪስና ከዳንኤል ሮውላንድ እንቅስቃሴ የመጡ ናቸው፣ የኋላ ስማቸውም የዌልስ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለ እነሱ የሚፈለገው አበሪስትዊዝ ባለው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ደረጃ 3፦ ሰርኪቱን ማግኘት

ሰርኪት እየተከፈለ የሚሄድ ነገር ነው። በዌስሊ ዘመን አንድ ሰርኪት ግማሽ ካውንቲ (የእንግሊዝ አውራጃ) ወይም ከዚያ በላይ ይሸፍን ነበር፤ አባላት ሲበዙ ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት ይቆረጣል። አንድ መንደር ሳይንቀሳቀስ በ50 ዓመት ውስጥ በሦስት ሰርኪቶች ስር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ «መንደሩ የየትኛው ሰርኪት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ዓመት ይፈልጋል፦ «በ1808 የየትኛው ነበር? በ1825ስ?»

በየዓመቱ የሚታተመው የዌስሊያን ኮንፈረንስ፣ ማለትም የአገልጋዮች ዓመታዊ ጉባኤ፣ ቃለ ጉባኤ የሰርኪቶችን ስምና በየሰርኪቱ የተመደቡትን አገልጋዮች ይዘረዝራል። የሰርኪቱ ስም የከተማው ስም ነው፤ መንደሮቹ አይዘረዘሩም። በቅርብ ያሉ ሁለት ሦስት የገበያ ከተሞችን በየዓመቱ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉና መቼ የራሳቸው ሰርኪት እንደሆኑ ይመዝግቡ። አንድ ከተማ በ1810 ዝርዝሩ ላይ ከሌለና በ1811 ከታየ፣ ከ1811 በፊት መዝገቡ የወላጅ ሰርኪቱ ነው ማለት ነው።

የየካውንቲው ቤተ መዛግብት ለሜቶዲስት መዝገቦች ማውጫ አላቸው፤ ማውጫው የሚደረደረው በሰርኪት ነው። እዚያ የመንደሩን ስም ብቻ ጽፎ መፈለግ ብዙውን ያሳጣል። የሰርኪቱን ስም ይጻፉ፤ ከዚያ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ። ሰርኪት የካውንቲ ድንበር እንደማያከብርም አይርሱ፤ ድንበር አካባቢ ለሆነ ቤተሰብ የሁለቱም ካውንቲ ቤተ መዛግብት ይፈተሻል።

ደረጃ 4፦ የጥምቀት መዝገብ

ይህ ደረጃ ብዙ ወጥመድ ስላለው በዝግታ ይሂዱ።

እስከ 1790ዎቹ ድረስ የሜቶዲስት የጥምቀት መዝገብ በጣም ጥቂት ነው። ዌስሊ እስከ ዕለተ ሞቱ የአንግሊካን ቄስ ነበር፤ ተከታዮቹም ለጥምቀትና ለቁርባን ወደ አጥቢያቸው እንዲሄዱ ይሻ ነበር። በ1795 በሜቶዲስቶች መካከል የወጣው የሰላም ስምምነት ነው አብዛኞቹ ባለአደራዎችና መሪዎች የፈቀዱበት ጸሎት ቤት ቁርባን፣ ጥምቀትና የቀብር ሥርዓት እንዲፈጽም በር የከፈተው። ስለዚህ በ1775 የተወለደ የሜቶዲስት ልጅ የሚገኘው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ከ1795 በኋላም ብዙዎች በልማድ ወደ አጥቢያው ይሄዱ ነበር፤ ሁለት ቦታ የተጠመቀ ልጅም አለ። የአጥቢያውን መዝገብ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይዩ።

በ1837 የመንግሥት ምዝገባ ሲጀመር፣ ከአንግሊካን ውጪ ያሉ ጉባኤዎች የቆየ መዝገባቸውን ለመንግሥት እንዲያስረክቡ ተጠየቁ። የተረከበው ዛሬ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «አር ጂ 4» በሚል መለያ ተቀምጧል፤ በ1857 ሁለተኛ ዙር የተሰበሰበው «አር ጂ 8» ነው። ካታሎጉ ላይ ሲፈልጉ መለያዎቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። የገጾቹ ምስል በክፍያ የዘር ፍለጋ ድረ ገጾች ላይ አለ፤ ስሞቹ ደግሞ ፋሚሊሰርች በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይፈለጋሉ።

የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው፦

ማውጫው ልጁን በከተማ ስም ያስቀምጠዋል። ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ርቆ በገጠር የተወለደ ልጅ «የከተማው ዌስሊያን ጸሎት ቤት» በሚል ርዕስ ስር ይገኛል። «ይህ የእኔ ሰው አይደለም» ብለው ከመዝለልዎ በፊት የገጹን ምስል ይክፈቱ፤ የወላጆቹ መንደር እዚያ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ማውጫው የሚሰጠው የመዝገቡን ጥቂት ክፍል ነው። የመዝገቡ ገጽ ብዙ ጊዜ የልደት ቀን፣ የአባት ሥራ፣ አልፎ አልፎም የእናቲቱ ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም አለው። ኢትዮጵያዊት ስታገባ የአባቷ ስም አብሯት ይኖራል፤ እንግሊዛዊት ግን የባሏን የቤተሰብ ስም ትይዛለች፣ የልጅነት ስሟ ካልተገኘ የእናት ወገን ዘር በሙሉ ይቋረጣል። ያ አንድ ቃል የሚገኘው ምስሉ ላይ ስለሆነ ማውጫውን ቀድቶ ማለፍ ትልቅ ኪሳራ ነው።

አገልጋዩ ወደ አንድ መንደር የሚመጣው በየተወሰነ ሳምንት ነው። የጥምቀት ቀን ከልደት ቀን በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ሊዘገይ ይችላል፤ ሦስት ወንድማማች በአንድ ቀን ተጠምቀው ይገኛሉ። ፍለጋዎን ከተገመተው የልደት ዓመት 2 ዓመት ቀደም ብለው ይጀምሩና 10 ዓመት ወደ ፊት ይዝለቁ።

ሁሉም መዝገብ አልተረከበም። አንዳንዱ በሰርኪቱ እጅ ቀርቶ በኋላ ወደ ካውንቲው ቤተ መዛግብት ገብቷል፤ አንዳንዱን አገልጋዩ እንደ ግል ደብተሩ ይዞት ሄዶ ጠፍቷል። ኪው ላይ ካጡ ካውንቲው ላይ ይፈልጉ። ከ1837 በኋላ ያሉት የጥምቀት መዝገቦችም በአብዛኛው ኪው ሳይሆን ካውንቲው ዘንድ ናቸው።

ዌስሊያኖች በ1818 ለንደን፣ ፓተርኖስተር ሮው ላይ የራሳቸውን ማዕከላዊ የልደት መዝገብ ከፍተው ነበር። ወላጆች ከየአገሩ ምስክር ወረቀት ሞልተው ይልኩ ነበር፤ እስከ 1838 ከአሥር ሺህ በላይ ልጆች ተመዝግበውበታል፣ ከ1818 በፊት የተወለዱም ወደ ኋላ ተመልሰው የገቡ አሉ። መዝገቡ አር ጂ 4 ውስጥ፣ ወላጆች የሞሏቸው ወረቀቶች ደግሞ «አር ጂ 5» ውስጥ ናቸው። በሰርኪቱ መዝገብ የጠፋ ልጅ እዚህ ስለሚገኝ፣ ቤተሰቡ ከለንደን ምንም ያህል ቢርቅ ይህን ሳይፈትሹ አይለፉ።

ከ1752 በፊት ላለ ቀን ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩን ያስቡ። እኛ ሁለት አቆጣጠር ማስታረቅ አያስቸግረንም፤ እዚህም ያው ነው። እንግሊዝ እስከዚያ ድረስ አዲስ ዓመት የምትጀምረው በማርች 25 ነበር። «ፌብሩዋሪ 1742» ተብሎ የተጻፈ ቀን በዛሬው አቆጣጠር 1743 ስለሆነ «1742/43» ብለው ይመዝግቡት።

ደረጃ 5፦ ጋብቻና ቀብር

ከማርች 25 ቀን 1754 ጀምሮ እስከ ጁን 1837 መጨረሻ ድረስ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖችና ከአይሁድ በቀር በእንግሊዝ ማንኛውም ሕጋዊ ጋብቻ የሚፈጸመው በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1810 የተደረገ «የሜቶዲስት ጋብቻ» መዝገብ መፈለግ የሌለ ነገር መፈለግ ነው፤ የአጥቢያውን መዝገብ ይክፈቱ።

ከጁላይ 1837 በኋላ ጸሎት ቤቱ ለጋብቻ ከተመዘገበ እዚያ መጋባት ተፈቀደ፤ ሆኖም የመንግሥት መዝጋቢው ሊገኝ ግድ ነበር። መዝገቡን የሚጽፈውም ይዞት የሚሄደውም መዝጋቢው ስለነበር ጸሎት ቤቱ የራሱ የጋብቻ መዝገብ አልነበረውም። ይህ የተለወጠው የ1898ቱ ሕግ በ1899 ሥራ ላይ ሲውል ነው። በመካከሉ ያለውን ጋብቻ ከመንግሥት መዝገብ ያወጣሉ። መዝጋቢ መጥራት ስለሚያስቸግር ብዙ ሜቶዲስቶች እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መጋባታቸውን ቀጥለዋል።

ቀብር ላይ አብዛኞቹ ጸሎት ቤቶች፣ በተለይ የገጠሮቹ፣ መካነ መቃብር አልነበራቸውም። ሟቹ የሚቀበረው በአጥቢያው ቅጽር ነው፤ እስከ 1880 ድረስም ፍትሐት የሚያደርገው የአንግሊካኑ ቄስ ብቻ ነበር። ከ1850ዎቹ ወዲህ ከሆነ የከተማውን የሕዝብ መካነ መቃብር መዝገብም ይዩ።

ደረጃ 6፦ አዋቂውን የሚያሳዩ ወረቀቶች

ጥምቀት የሕፃን ነው፤ ቅድመ አያቶች ሕይወታቸውን ሙሉ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ የሚታየው ከዚህ በታች ባሉት ነው። ብዙ ፈላጊዎች እነዚህን ሳይነኩ መተዋቸው ያሳዝናል፤ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ስለ አንድ ድሃ ማዕድን ቆፋሪ ወይም የቤት ሠራተኛ ሴት ይህን ያህል አይጽፍም።

መጀመሪያ የስብከት ፕላን። በየሩብ ዓመቱ በአንድ ትልቅ ወረቀት የሚታተም ሠንጠረዥ ነው። በግራ የጸሎት ቤቶቹ ስምና ሰዓት፣ ከላይ የእሑዶቹ ቀን፣ በየሳጥኑ ውስጥ ቁጥር አለ። በጎን ባለው ዝርዝር ቁጥሩን ከስም ጋር ያገናኛሉ። ከላይ ያሉት ተዘዋዋሪ አገልጋዮች ናቸው፤ ከታች ያሉት እንደ አገልግሎት ዘመናቸው የተደረደሩ የአካባቢው ሰባኪዎች፣ ማለትም በሳምንት ውስጥ በአንጥረኝነት፣ በጫማ ሥራ ወይም በእርሻ የሚኖሩና እሑድ የሚሰብኩ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ በሙከራ ላይ ያሉት፣ አንዳንዴ በስማቸው መነሻ ፊደል ብቻ። የአንድን ሰው ቁጥር በተከታታይ ፕላኖች ላይ ቢከተሉ ወደ ላይ ሲወጣ ያዩታል፤ ድንገት ከጠፋ ሞቷል፣ ተሰዷል ወይም ወደ ሌላ ወገን ሄዷል። ዓመተ ምሕረት የሌለበት ፕላን ካገኙ እሑዶቹ የዋሉባቸውን ቀኖች ከዘላለማዊ ካላንደር ጋር፣ የአገልጋዮቹን ስም ከኮንፈረንስ ቃለ ጉባኤ ጋር ያመሳክሩ። የዌስሊያን አገልጋይ ከ3 ዓመት በላይ አንድ ሰርኪት ላይ ስለማይቆይ ሁለት ሦስት ስሞች ዓመቱን ያጠቡታል። ፕላን ላይ የሴት ሰባኪ ስም ቢያገኙ ደግሞ ወገኑ ፕሪሚቲቭ ወይም ባይብል ክርስቺያን ሳይሆን አይቀርም፤ ዌስሊያኖች የሴት ስብከትን በ1803 በእጅጉ ገድበውት ነበር።

ቀጥሎ የክላስ መዝገብ። ክላስ ማለት አሥራ ሁለት ሰው ገደማ በአንድ መሪ ስር በየሳምንቱ የሚገናኙበት ጉባኤ ነው፤ የእኛ አገር ወንጌላውያን የቤት ኅብረት እንደሚሉት ዓይነት። በ1742 ብሪስቶል ውስጥ የጸሎት ቤት ዕዳ ለመክፈል ሳንቲም ከመሰብሰብ የተነሣ ነው፤ ልማዱ በሳምንት አንድ ፔኒ፣ በሩብ ዓመት አንድ ሺሊንግ ሆነ። መሪው የተገኘውን፣ የቀረውን፣ የታመመውን በምልክት ይጽፋል፤ ምልክቶቹ ከደብተር ደብተር ስለሚለያዩ መፍቻቸውን መጀመሪያው ገጽ ላይ ይፈልጉ። ባልና ሚስት በተለያየ ክላስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ዝርዝር ላይ ሚስትን ያጣ ሰው የሴቶቹን ክላስ ይይ።

አባሉ በየሩብ ዓመቱ ትንሽ የታተመ ትኬት ይሰጠዋል፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ፣ አንድ ፊደል፣ በእጅ የተጻፈ ስም። እንዲህ ያለ ወረቀት በቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተጣጥፎ ከተገኘ አይጣል። ፊደሉና ጥቅሱ በየሩብ ዓመቱ ስለሚለዋወጡ ቀን ከሌለውም ከሌሎች ትኬቶች ጋር ተመሳክሮ ዘመኑ ይታወቃል።

ጸሎት ቤት በሚሠራበት ጊዜ መሬቱ በባለአደራዎች ስም ይያዛል። ውሉ የእያንዳንዱን ባለአደራ ስም፣ መኖሪያና ሥራ ይጽፋል፤ አባትና ልጅ፣ አማችና ወንድም በአንድ ገጽ ይገኛሉ። ከ1736ቱ ሕግ በኋላ እንዲህ ያለ ውል በ6 ወር ውስጥ በቻንሰሪ ፍርድ ቤት መመዝገብ ነበረበት፤ ቅጂው ኪው «ሲ 54» ውስጥ አለ። የአካባቢው ቅጂ ቢጠፋ እንኳ ያኛው ይኖራል።

መጽሔቶቹም አሉ። ዌስሊ በ1778 የጀመረው አርሚኒያን ማጋዚን በኋላ ሜቶዲስት ማጋዚን፣ ከ1822 ደግሞ ዌስሊያን ሜቶዲስት ማጋዚን ተባለ፤ ፕሪሚቲቮቹም የራሳቸው ነበራቸው። በውስጣቸው ያለው የሟቾች ታሪክ የትውልድ ቦታን፣ የተለወጡበትን ዓመት፣ የሕመማቸውን ሁኔታ ይነግራል። የተጻፈው ለማነጽ ስለሆነ ሰውየው ከመለወጡ በፊት የነበረው ሕይወት ከልክ በላይ ጠቁሮ ይቀርባል፤ ቀንና ቦታውን ይያዙ፣ ቀለሙን በጥንቃቄ።

ቅድመ አያትዎ ራሱ ተዘዋዋሪ አገልጋይ ከነበረ ሥራው ይቀላል። ልጆቹ በየተለያየ ከተማ መወለዳቸው፣ ወንዶቹም ኪንግስውድ ወይም ውድሃውስ ግሮቭ በሚባሉት ትምህርት ቤቶች መማራቸው ዋና ምልክቶች ናቸው። የአገልጋዮችና የኮንፈረንሱ ወረቀቶች በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የተራ አባላት ጥምቀት ግን እዚያ የለም፤ ብዙ ሰው በስሕተት እዚያ ይጽፋል።

ለመጨረሻው ትውልድ የዌስሊያን ታሪካዊ መዝገብ የሚባል አለ። ከ1899 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሺሊንግ፣ ለመሰብሰብ በተደረገው ዘመቻ የሰጡ ሰዎች ስም በ50 ትልልቅ ጥራዞች በሰርኪት ተደርድሯል፤ በሟች መታሰቢያ የተሰጠም አለ። የሚገኘው ለንደን፣ ዌስትሚንስተር ሴንትራል ሆል ነው።

ደረጃ 7፦ አሁን ወደ ጸሎት ቤቱ

በ1689 የወጣው ሕግ ከአንግሊካን ውጪ የሚሰበሰቡ ሰዎች ቤታቸውን በጳጳሱ፣ በሊቀ ዲያቆናቱ ወይም በካውንቲው ፍርድ ጉባኤ ዘንድ እንዲያስመዘግቡ ያዝዝ ነበር። ምስክር ወረቀቱ ላይ የባለቤቱ ስምና የፈራሚዎቹ ስም አለ፤ ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት ጉባኤው በማን ወጥ ቤት ወይም ጎተራ ይሰበሰብ እንደነበር የሚታወቀው በዚህ ነው። ብዙ ጊዜ «ፕሮቴስታንት ተገንጣዮች» ብቻ ስለሚል ሜቶዲስት መሆኑ አይለይም፤ ፈራሚዎቹን ከክላስ መዝገቡ ወይም ከባለአደራ ውሉ ጋር ያስተያዩ።

ማርች 30 ቀን 1851 የአምልኮ ቦታዎች ሁሉ ተቆጥረዋል። ወረቀቶቹ ኪው «ኤች ኦ 129» ውስጥ ናቸው፦ ጸሎት ቤቱ የተሠራበት ዓመት፣ የመቀመጫ ብዛት፣ በዕለቱ የተገኘው ሰው ቁጥር። የምእመናን ስም የለበትም፤ የፈረመው ገንዘብ ያዥ ወይም ሰባኪ ስም ግን አለ። ዕለቱ የእናቶች እሑድ ስለነበረ ብዙ ሰው ወላጆቹን ሊጠይቅ ሄዶ ቁጥሩ አንሷል የሚል አስተያየት አንዳንዶቹ ላይ ተጽፏል።

አንድ መንገድ ከዳር እስከ ዳር

በ1851 ቆጠራ ላይ ስታፎርድሺር፣ ተንስታል የተወለደ የ30 ዓመት ሸክላ ሠራተኛ አገኙ እንበል። የጋብቻ ወረቀቱን ሲያወጡ «ፕሪሚቲቭ ሜቶዲስት ጸሎት ቤት» ይላል። ተንስታል የፕሪሚቲቮች መነሻ ነው፤ የመጀመሪያ ጸሎት ቤታቸው በ1811 የተሠራው እዚያ ነው። ስለዚህ 1821 ለሚሆነው ልደት የተንስታልን ፕሪሚቲቭ ሰርኪት መዝገብ አር ጂ 4 ውስጥ ከ1819 እስከ 1831 ያያሉ። ካጡ ተንስታል በዚያን ዘመን የዎልስታንተን አጥቢያ አካል ስለነበር የዎልስታንተን መዝገብ ይቀጥላል። ወላጆቹ ከመገንጠሉ በፊት ዌስሊያን ሊሆኑ ስለሚችሉ የበርስለም ዌስሊያን ሰርኪት፣ የኒው ኮኔክሽኑ ቤቴስዳ ጸሎት ቤትም ሃንሊ ላይ ስለነበረ እሱም ይታያል። የወላጆቹን ጋብቻ ከ1837 በፊት ስለሆነ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ይፈልጋሉ። ሞው ኮፕ ድንበር ላይ ስለሆነች የቼሺርን ቤተ መዛግብት ካታሎግ ይጨምሩ፤ ፕላንና የክላስ ደብተር ደግሞ በስቶክ ኦን ትሬንት ከተማ ቤተ መዛግብት።

ወደ ቤተ መዛግብት ሲሄዱ

ከመሄድዎ በፊት የሰነዱን መለያ ቁጥር ከካታሎጉ ጽፈው በኢሜይል ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ መዝገብ ከከተማ ውጪ መጋዘን ስለሚቀመጥ ቀድሞ መታዘዝ አለበት። ኪው ላይ ዋናውን ሰነድ ለማየት የአንባቢ ካርድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ስምን የሚያሳይ አንድ፣ አድራሻን የሚያሳይ አንድ፣ ሁለት መታወቂያ ይያዙ። እስክርቢቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። ገጽ ፎቶ ሲያነሱ መጀመሪያ የመዝገቡን ሽፋንና መለያ ቁጥር ያንሱ፤ አለዚያ ከሳምንት በኋላ 200 ፎቶ ይዘው የትኛው ከየት እንደመጣ አያውቁም።

ደብተርዎን በአምስት ዓምድ ይክፈሉት፦ ቤተ መዛግብቱ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የሸፈነው ዓመት፣ የፈለጉት ስም ከነአጻጻፍ ልዩነቱ፣ ውጤቱ። የቤተሰብ ስም በዚያ ዘመን ጸሐፊው እንደሰማው ይጻፍ ነበር፤ ስሙን ጮክ ብለው ሲጠሩት የሚመስሉትን አጻጻፎች ሁሉ ቀድመው ይዘርዝሩ። ባዶ የወጣውንም ከነዓመቱ ይጻፉ። «በርስለም ዌስሊያን፣ 1819–1831፣ የለም» የሚል አንድ መስመር ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ መዝገብ እንደገና ከመክፈት ያድንዎታል፤ ደብተሩን ለሚረከቡት ልጆችም ፍለጋው ከየት እንደሚቀጥል ያሳያል።